ወይዘሮ ማሬ ያነሡት ትራስ

በጡረታ መሸኛዬ ዕለት ባልደረቦቼ በሆስፒታሉ አዳራሽ ወንበር ደርድረው፣ ዳቦና ለስላሳ አቅርበው ጠበቁኝ። አንድ ወጣት ሐኪም ስለ እኔ የተጻፈ አንድ ገጽ አነበበ። ገጹ መልካም ነበር። የሠራሁባቸውን ቦታዎች፣ ያስተማርኋቸውን ተለማማጆች፣ ያልቀረሁባቸውን የበዓል ተረኝነቶች ዘረዘረ። ከመጨረሻው አንቀጽ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «በተለይም የአቶ አለኸኝን ሕይወት ያተረፉት እኒህ ሰው ናቸው» አለ።

አዳራሹ አጨበጨበ። አቶ አለኸኝ ራሳቸው ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ነበርና ከሁሉ አስበልጠው አጨበጨቡ። ከጎናቸው የነበሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ ማሬ ግን እጃቸውን ከነጠላቸው ውስጥ አላወጡም። ዐይን ለዐይን ተያየን፤ ቀድሜ ያቀረቀርሁት እኔ ነበርሁ። ተነሥቼ ሁሉንም አመሰገንሁ። ስለ አቶ አለኸኝ ግን አንድ ቃል አልተናገርሁም። አራት ዓመት ሙሉ ያልተናገርሁትን በዚያች ቀን እናገራለሁ ብሎ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም፤ ከአንዲት ሴት በቀር።

ንግግር አልወድም። በሥራ ዘመኔ የጻፍሁት ሁሉ የሕሙማን ካርድ ነው፤ በካርድ ላይ ደግሞ ሰው ስለ ራሱ አይጽፍም። አሁን ካርዱን የሚጽፉት ሌሎች ናቸውና ስለ ራሴ የቀረውን እኔው ልጻፈው። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቤቱ አልነበረም።

ሥራ የጀመርሁት በነርስነት፣ ከጫግኒ ወዲያ በቆላው፣ ከሩቅ አገር መጥተው የሰፈሩ ገበሬዎች በሚኖሩበት መንደር ነው። ክሊኒኩ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነበር። ከደጁ ባለው ዋርካ ሥር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ተቀምጦ፣ ወባው እያንቀጠቀጠው ተራውን ይጠብቃል። የመጀመሪያ አለቃዬ ከሕሙማኑ ይልቅ መዝገቡን የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ መስመሩ ከተጣመመ ገጹን ያስደግሙኛል። ደመወዜም ወሩ ባለቀ ቀን ሳይሆን ከጫግኒ መኪና በተገኘ ቀን ይደርሰኝ ነበር። አለቃዬን በዚያ ጊዜ አማኋቸው፤ ዛሬ ግን አመሰግናቸዋለሁ። የሠራሁትን ሁሉ ከነሰዓቱ መጻፍ ያስለመዱኝ እርሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ጥፋቴን ላስተባብል ብል እንኳ የገዛ እጅ ጽሕፈቴ አያስችለኝም።

ከቆላው ወጥቼ ዳንግላ ስመደብ ሲስተር የሺን አገኘሁ። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ሸራ ጫማቸውን በጠመኔ እያነጡ የሚጫሙ ነርስ ነበሩ። ሐኪም ሲዞር ሁሉም ቆሞ ሲከተል እርሳቸው በብብታቸው አንዲት በርጩማ ይዘው ይገባሉ። ከእያንዳንዱ አልጋ አጠገብ ያኖሯትና ከበሽተኛው ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። ምክንያታቸውን አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። «ቀና ብሎ የሚያየኝ ሰው እሺ እሺ ይለኛል እንጂ እውነቱን አይነግረኝም» አሉኝ። የማዳመጫውን ብረት በቀጥታ ከሰው ደረት ላይ አያሳርፉም፤ መጀመሪያ በእጃቸው መዳፍ ያሞቁታል። ደጋው ብርድ ነው፤ ብረቱ ሲነካው የሚደነግጥ ሰው ልቡ ይዘልላል፤ የዘለለ ልብ ደግሞ ያሳስታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጥያቄያቸው ነበር። ሁላችንም «መቼ ያምዎታል?» ብለን እንጠይቃለን። እርሳቸው ይህን ከጠየቁ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መቼስ ይተውዎታል?» ይላሉ።

አንዲት አዲስ ሙሽራ በየቀኑ ቀትር ላይ ራሷን እየሳተች አማቷ አመጧት። እኔ በዚያን ጊዜ ከመጽሐፍ ጋር የምተኛ ወጣት ነበርሁና የልብ በሽታም የሚጥል በሽታም ጠረጠርሁ፤ ሦስት ገጽ ጻፍሁ። ሲስተር የሺ አማቷን ከውጭ አስቀርተው ከልጅቱ እግር ሥር ተቀመጡ።

«መቼ ይተውሻል የኔ ልጅ?»

«ገበያ የሄድሁ ቀን።»

«ገበያ ምን አለ?»

ልጅቱ አቀረቀረች። «ዳቦ ገዝቼ እበላለሁ።»

ለካ በቤት ውስጥ ሁሉም በልቶ እስኪነሣ ቆማ ታስተናግዳለች፤ ሲነሡ የሚተርፍ የለም። ሲስተር የሺ የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት አወጡና፣ «ከአማት ጋር በአንድ መሶብ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለሁለት ወር» ብለው ጻፉ፤ ማኅተም መቱበት። ለአማቲቱም ሰጧቸውና ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «አንተ ሊቅ! መጽሐፍህ ይህችን ልጅ አያውቃትም እኮ!» አሉኝ። በሁለት ወሩ አማቲቱ ራሳቸው መጥተው፣ «ሲስተር፣ መድኃኒቱ ይቀጥል ወይስ ይቁም?» ብለው ጠየቁ። «ዕድሜ ልክ ነው» አሏቸው።

ከሲስተር የሺ ጋር ስምንት ዓመት ሠራሁ። ከዚያ ለትምህርት ሄጄ ጤና መኮንን ሆንሁ፤ እንጅባራ ተመደብሁ። እርሳቸውም በጡረታ ጥቂት ዓመት ኖረው ዐረፉ። ለቀብራቸው ዳንግላ ስሄድ ለማለቀሴ ምክንያት ነበረኝ፤ ጥያቄያቸውን መጠየቅ ካቆምሁ ቆይቼ እንደ ነበር ግን ያን ቀን አላወቅሁም። እንጅባራ ላይ ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለኛል። መጀመሪያ አርም ነበር፤ በኋላ ማረሙን ተውሁት። ወጣት ሐኪሞች ሳይቀሩ፣ «ጋሼን እንጠይቅ» ይላሉ። ብዙ የሚጠየቅ ሰው መጠየቁን ቀስ በቀስ ይተዋል፤ እኔም የሆንሁት ይህንኑ ነው።

አቶ አለኸኝ በጥርባ በኩል የሚኖሩ ገበሬና የታወቁ አስታራቂ ሽማግሌ ናቸው። በአገውኛም በአማርኛም የሚያስታርቁ፣ ለተቆጣ ሰው ቀልድ የማያጡ ሰው ናቸው። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ትተው ኖሮ፣ አንድ ቀን ሁለት ወንድማማቾችን ሲያስታርቁ ምላሳቸው ተሳሰረ፤ ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው። ወደ ባሕር ዳር ላክናቸው። እዚያ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ በግራ በኩል ቅላቸውን ከፍቶ ከአንጎላቸው የፈሰሰውን ደም አወጣ። አንጎሉ አብጦ ስለ ነበር አጥንቱን አልመለሰውም፤ በሆዳቸው ቆዳ ሥር አኖረው። እብጠቱ ሲጎድል ከዚያ ወጥቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህ የተለመደ አሠራር ነው፤ አጥንቱ በገዛ ሰውነት ውስጥ ሳይበላሽ ይቆያል።

ከወር በኋላ በምርኩዝ እየሄዱ፣ እየተናገሩ ተመለሱ። ቁስላቸውን ለማሳየት ሲመጡ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ዶክተር፣ ጭንቅላቴን ሆዴ ውስጥ ደብቄዋለሁ» አሉኝ። «ከእንግዲህ የሚያስበው ሆዴ ነው፤ ማሬ በደንብ ታብላኝ።»

«እስከ ዛሬስ የሚያስበው ምን ነበርና!» አሉ ወይዘሮ ማሬ።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ትኩሳት ይዟቸው መጡና አስተኛናቸው። ከባሕር ዳር በተሰጣቸው ወረቀት ላይ፣ ራስጌያቸው ሠላሳ ዲግሪ ከፍ እንዲል ተጽፏል። ይህ አንጎሉ ላበጠ ሰው የሚጻፍ የታወቀ ሕግ ነው። አጥንት የሌለበት ቆዳ ግን ከእብጠት አልፎ እንደ ረገበ የከበሮ ቆዳ ጎድጉዶ ነበር። አየሁት፤ «እብጠቱ ጎደለ፣ መልካም ነው» ብዬ ጻፍሁ።

በጥየቃ ሰዓት ያስታረቋቸው ሰዎች ሁሉ ይመጣሉ። ለሽማግሌ እንግዳን ተጋድሞ መቀበል በአካባቢው ነውር ነው። ስለዚህ ካህኑም ጎረቤቱም በገባ ቁጥር አቶ አለኸኝ ደግፉኝ ይላሉ፤ ደግፈው ያስቀምጧቸዋል። ትንሽ ይጫወታሉ፤ ከዚያ ራሳቸውን ይይዛሉ፤ ቃል ይጠፋቸዋል፤ ዐይናቸው ይከደናል። ጠያቂው ሲወጣ ወይዘሮ ማሬ ያስተኟቸዋል፤ ጥቂት ቆይተው ይነቃሉ። ይህን በየቀኑ አየሁ። ከእርሱም የወሰድሁት ትምህርት፣ ጠያቂ ያደክማቸዋል የሚል ነበር። ጠያቂ እንዳይገባ አዘዝሁ። መቀመጡን ሳይሆን እንግዳውን ከለከልሁ።

ትኩሳቱ አልወርድ አለ፤ አንገታቸውም የገተረ መሰለኝ። ማጅራት ገትርን ለማወቅ ከወገብ በኩል በመርፌ ከአከርካሪ ፈሳሽ መቅዳት ያስፈልጋል። ያን ሥራ በሆስፒታሉ ከእኔ ይበልጥ የሠራው አልነበረም። ተረኛ የነበረው ወጣት ዶክተር ሀብታሙ አመነታ።

«ጋሼ፣ የራስ ቅላቸው ክፍት ነው። ባሕር ዳር ደውለን ብንጠይቅስ?»

«ኔትወርክ ከጠፋ ስንት ቀኑ ነው?»

«ሁለት ቀን።»

«ማጅራት ገትር ኔትወርክ እስኪመጣ ይጠብቃል?»

መርፌውን በአንድ ጊዜ አስገባሁ። ፈሳሹ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነበር፤ ማጅራት ገትር አልነበረባቸውም። በኋላ እንደታወቀው ትኩሳቱ ከሳንባቸው ነበር። በዚያን ጊዜ ግን በእጄ ቅልጥፍና ረካሁ።

ዛሬ የማውቀውን እዚህ ላይ ልናገር። አንጎላችን በራስ ቅል ውስጥ በንጹሕ ፈሳሽ ላይ ተንሳፍፎ ይኖራል፤ ያው ፈሳሽ በአከርካሪው ውስጥ እስከ ወገብ ይወርዳል። ቅሉ ሙሉ ሲሆን የውጭው አየር አንጎሉን አይጫነውም። አጥንቱ ከተነሣ ግን በመካከላቸው ያለው ቆዳ ብቻ ነው። ፈሳሹ ከታች ሲቀዳ፣ መርፌው በተወው ቀዳዳም እየሾለከ ሲጎድል፣ አየሩ ከላይ ይጫናል፤ መንሳፈፊያ ያጣው አንጎል ወደ ታች ይንሸራተታል። የሚያሳስተው ምልክቱ ነው። በቅሉ ውስጥ ግፊት የበዛበት ሰውም፣ ፈሳሽ የጎደለበት ሰውም ያንቀላፋል፤ የዐይኑም ብሌን ይሰፋል። ግፊት ለበዛበት ራሱን ከፍ ማድረግና ማኒቶል በሚባለው መድኃኒት ውኃውን መቀነስ ያድነዋል። ለጎደለበት ግን ይኸው ሕክምና መርዝ ነው፤ እርሱ የሚፈልገው ራሱ ዝቅ እንዲል፣ ፈሳሹም እንዲሞላለት ነው። እምብዛም የማይገጥም ነገር ነው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የገጠመኝ አንድ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜም ያየሁት እኔ አልነበርሁም።

በማግስቱ ጠዋት አቶ አለኸኝ ሲጠሯቸው የሚሰሙት በግድ ነበር። ግፊት በዛ ብዬ ማኒቶል አስጀመርሁ፤ ራስጌያቸውን በሁለት ትራስ አስደገፍሁ። ረፋድ ላይ ስመለስ ትራሶቹ መሬት ላይ ናቸው፤ አቶ አለኸኝ በጀርባቸው ተንጋለዋል። ዐይናቸው ተገልጦ እንደ ነበር ዛሬ አስታውሳለሁ። ያን ጊዜ ያየሁት ትራሶቹን ብቻ ነው።

«ማነው ትራሱን ያነሣው?»

«እኔ ነኝ ዶክተር» አሉ ወይዘሮ ማሬ። «ሲጋደም ይመለሳል። ቀና ሲል ይሄድብኛል።»

«አንቺ ሴትዮ!» አልኋቸው። «ልትገድይው ነው? ሐኪሙ አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?»

ከዚያ ቀን በፊት እኒህን ሴት «እርስዎ» ከማለት በቀር በሌላ ጠርቻቸው አላውቅም ነበር። ክፍሉ ውስጥ ስምንት አልጋ ነበረ፤ ስምንቱም ከነአስታማሚው ቀና ብሎ አየን። ትራሶቹን በገዛ እጄ አንሥቼ መለስኋቸው። ወይዘሮ ማሬ ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገሩም። ሰዓቱን ጻፍሁ። የእርሳቸውን ቃል አልጻፍሁም።

ቀትር ሲያልፍ የአቶ አለኸኝ የግራ ዐይን ብሌን ሰፍቶ ቀረ፤ ባትሪ ቢያበሩበት አይጠብም። መንገዱ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ጊዜ ነበር፤ እንዳጋጣሚ በዚያ ቀን ክፍት ነው ተባለ። አምቡላንስ አስመጣንና አብሬ ለመሄድ ወሰንሁ። ሹፌሩ በቀለ የተባለ ተጫዋች ሰው ነበር። የአምቡላንሱን አልጋ ራስጌ ከፍ አድርግ ስለው ጭንቅላቱን አከከ።

«ጋሼ፣ ብረቱ ከተሰበረ ሦስት ወሩ ነው። አልነሣ ይላል።»

ተቆጣሁ፤ ግን ጊዜ አልነበረም። አቶ አለኸኝን ጥፍጥፍ አድርገን አስተኝተን በቀበቶ አሰርናቸው። ወይዘሮ ማሬ ከእግርጌ፣ እኔ ከራስጌ ተቀመጥን።

ዳንግላ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን አቶ አለኸኝ ዐይናቸውን ገለጡ። «ማሬ» አሉ። «የት ነን?»

ወይዘሮ ማሬ መጀመሪያ እኔን አዩኝ፤ እንዲናገሩ ፈቃድ የሚጠብቁ ይመስላሉ። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። እኔ ግን ደስታ አናወዘኝ፤ ማኒቶሉ ሠራ አልሁ። ሥራውን ላግዝ ብዬ ጋቢዬን ጠቅልዬ ከራሳቸው ሥር አስገባሁ፤ ሠላሳ ዲግሪ እንዲሆን በዐይኔ መጠንሁት። የከተማዋን የመጀመሪያ ቤቶች አልፈን መሐል ሳንደርስ ዐይናቸው ተከደነ። ጠራኋቸው። ቆነጠጥኋቸው። አልሰሙም።

ወይዘሮ ማሬ ጋቢውን አዩ። እኔን አዩ። እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ ተንቀሳቀሰና ተመለሰ። ባላቸው ዐይናቸው እያየ ሲሄድባቸው ጋቢውን ለመሳብ የሚፈሩ ሆነዋል፤ እንዲያ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ለዓመታት ያልጠየቅሁት ጥያቄ ከአፌ ወጣ።

«ወይዘሮ ማሬ፣ መቼ ነው የሚተዋቸው?»

ጋቢውን በአንድ እጅ ሳቡና ከመቀመጫው ሥር ጣሉት። በቀለን አቁም አልሁት። ቆምን፤ ጠበቅን። የባጃጅ ጥሩምባ ከውጭ ይሰማል። ቀስ በቀስ የጎደጎደው ቆዳ ቀና አለ፤ አቶ አለኸኝ አጉረመረሙ፤ ከዚያም በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ወይዘሮ ማሬ ሳቅም ለቅሶም በሆነ ድምፅ በአገውኛ መለሱላቸው።

ዳንግላ ላይ ኔትወርክ ነበር። ቅላቸውን የከፈተውን ሐኪም በስልክ አገኘሁት። ነገሩን ስነግረው ንግግሬን አቋረጠኝ።

«ፈሳሽ ከጀርባ ቀድታችኋል?»

«ቀድተናል።»

«ማኒቶልስ?»

«ሰጥተናል።»

«አሁኑኑ አቁሙ። ራሳቸው ከእግራቸው ዝቅ ይበል። ሳላይን አንጠልጥሉ፤ በዚያው አኳኋን አምጧቸው።» ከዚያም፣ «ሲጋደሙ እንደሚሻላቸው ማን አስተዋለ? ብዙ ሐኪም እኮ አይቶት አያውቅም» አለ።

ወይዘሮ ማሬ ከአጠገቤ ነበሩ፤ የስልኩ ድምፅ ይሰማቸዋል። «ባለቤታቸው» ማለት ይበቃኝ ነበር። አንድ ቃል ነው።

«እኛው አይተን ነው» አልሁ።

«ጎበዞች ናችሁ» አለ።

በቀለ መለዋወጫ ጎማውን አውርዶ ከአልጋው እግርጌ ሥር አስገባ። «ስንት ዘመን ራስ ከፍ አድርጌ ነዳሁ፤ ዛሬ ደግሞ ሰው ዘቅዝቄ ልነዳ ነው!» እያለ በደም ሥር የሚገባውን የሳላይን ፈሳሽ ከጣሪያው መንጠቆ ላይ ሰቀለልኝ። እስከ ባሕር ዳር በዚያው ሄድን። አቶ አለኸኝ አንድ ሁለት ጊዜ፣ «ደሜ ሁሉ ወደ ጢሜ ወረደ» እያሉ አማረሩ፤ እኔም በሕይወቴ እንደዚያ ያስደሰተኝ ምሬት ሰምቼ አላውቅም።

ተረፉ። ሳምንታት ቆይቶ አጥንታቸው ከሆዳቸው ወጥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። እስከዚያ ድረስ ተጋድመው ነበር እንግዳ የሚቀበሉት፤ ጠያቂውም ቆሞ ቁልቁል ማየቱን ነውር ስላደረገው ካህኑ ሳይቀር ከወለሉ ሰሌን ላይ ይቀመጥ ነበር አሉ። ዛሬ አልፎ አልፎ አንድ ቃል ይጠፋቸዋል፤ ማስታረቁን ግን አልተዉም። ሐኪሙ ለሆስፒታላችን የምስጋና ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤው ላይ ያለው ስም የእኔ ነው። ከዚያ ደብዳቤ ተቀድቶ ነው በመሸኛዬ ገጽ ላይ የገባው።

ከሽኝቱ በኋላ ሳምንት አላለፈም፤ በባጃጅ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ሁለቱም ነበሩ። የተቀመጥሁበት ሳይሞቅ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ መርፌውንም ትራሱንም ስልኩንም ነገርኋቸው። አቶ አለኸኝ ይህን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር። ሚስታቸውንና እኔን ተራ በተራ አዩ።

«አንቺ ይህን ሁሉ ታውቂ ኖሯል?»

«ከአጠገብህ አልነበርሁም?»

«አራት ዓመት!» አሉ። ከዚያ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። «እንግዲህ ከሳሽም ተከሳሽም ቤቴ መጥተዋል። ዳኛው ደግሞ ማስረጃው ራሱ ነው። እንዲህ ያለ ሸንጎ ተቀምጬ አላውቅም። ማሬ፣ ተናገሪ።»

ወይዘሮ ማሬ የተናገሩት ወደ እኔ ቀጥ ብለው እያዩ ነው። «መርፌውን አያውቁትም ነበር፤ ይቅር ብያለሁ። ሰው ነዎት። ትራሱንም መጽሐፍ ነው ያዘዘዎት። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንቺ ብለው ጮኹብኝ። እኔም ፈራሁ። ጋቢውን እያየሁ፣ ባሌ እየሄደ፣ እጄን መዘርጋት ፈራሁ። ቢሞት ኖሮ የገደለው ያ ፍርሃቴ ነበር። ከዚያ ደግሞ በስልኩ ‹እኛው አይተን ነው› አሉ።»

«ምን ልካስዎት?» አልሁ።

«ካሳ አልፈልግም። ከሰው ፊት ነው የተናገሩኝ፤ ከሰው ፊት ይመልሱት። እዚያው ክፍል።»

አቶ አለኸኝ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ቀላል መስሎህ ነው?» አሉኝ፤ በአንተ ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነው፤ ድምፃቸው ግን የወንድም ነበር። «ከብዙ ሰው የሰማሁት ነው፤ ሰው መሬቱን ይለቃል እንጂ ከሰው ፊት ይቅርታ መጠየቁን ነው እምቢ የሚለው። ትችላለህ?»

«እችላለሁ» አልሁ። እርግጠኛ አልነበርሁም።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሐኪሞችና ነርሶች በሚዞሩበት ሰዓት፣ ከወይዘሮ ማሬ ጋር ወደዚያ ክፍል ገባን። የዙሩ መሪ በመሸኛዬ ገጹን ያነበበው ወጣት ሐኪም ነበር፤ አስቀድሜ አስፈቅጄዋለሁ፣ ምን እንደምናገር ግን አልነገርሁትም። አቶ አለኸኝ ተኝተውበት ከነበረው አልጋ አጠገብ ቆምሁ።

«ከአራት ዓመት በፊት» አልሁ፣ «እዚህ አልጋ ላይ አቶ አለኸኝ ሲታከሙ እኒህ ሴት ከባላቸው ራስ ሥር ትራስ አነሡ። ትክክል ነበሩ። እኔ አንቺ ብዬ ጮኽሁባቸው፤ ትራሱንም መለስሁት። አቶ አለኸኝ ለሞት ደርሰው ነበር፤ ያደረስኋቸው እኔ ነኝ፤ ያተረፏቸው እርሳቸው ናቸው። ምስጋናውን ግን እኔ ወሰድሁት። ወይዘሮ ማሬ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ወጣቱ ሐኪም ከያዘው ካርድ ቀና አላለም። አንዲት ነርስ አፏን በእጇ ያዘች። ወይዘሮ ማሬ ነጠላቸውን አስተካከሉና ክፍሉ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ።

ሐኪሙ ወደሚቀጥለው አልጋ ሊያልፍ ሲል፣ ከመስኮቱ ሥር እናቷን የምታስታምም አንዲት ሴት ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«እንግዲያውስ እኔም የምናገረው አለኝ።»

«ተራችሁ ሲደርስ እሰማሻለሁ» አላት።

«ተራዋ ደርሷል» አሉ ወይዘሮ ማሬ።

ሐኪሙ ቆመ። ሴትዮዋ እኛን ሁላችንን አየች፤ ከዚያ ፈጠን ፈጠን እያለች፣ «ነጩን ኪኒን በዋጠች ቁጥር ትመልሰዋለች። ሦስት ቀኗ ነው። አንድም ውስጧ አልቀረም» አለች።

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ሐኪሙ የአሮጊቷን ካርድ ገልጦ ኪኒኑ የታዘዘበትን ቦታ ፈለገ። እኔ በዚያ ክፍል ሥራዬ አብቅቷልና ወደ በሩ አፈገፈግሁ። ወይዘሮ ማሬ ግን አልተከተሉኝም። ከሴትዮዋ አጠገብ፣ ከአሮጊቷ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ቀጥይ» አሏት። «ሁሉንም ንገሪው።»